ትርፍ የተባለች ምላስ

በካንቶንኛ ምላስ በጥንት ስሟ አትጠራም። በቻይና የጽሕፈት ቋንቋ ምላስን የሚያመለክተው ቃል በካንቶን ሰዎች አንደበት «ሲት» ተብሎ ይነበባል፤ በንግድ መክሰርም እንዲሁ «ሲት» ነው። ነጋዴ ሕዝብ ነውና በማለዳ ሥጋ ቤት ቆሞ «ግማሽ ኪሎ ኪሳራ መዝንልኝ» እንደ ማለት የሚሰማ ቃል ከአፉ ማውጣት ጠላ። ስለዚህም ነገሩን ገለበጠውና ምላስን «ሌይ» አላት። «ሌይ» ትርፍ ማለት ነው። ለአዲሱ ስምም መጻፊያ ተሠራለት፤ በግራው በኩል የሥጋ ምልክት፣ በቀኙ በኩል የትርፍ ምልክት። ዛሬ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የበሬ ምላስ የሚበላ ሰው በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ንጋው ሌይ» የሚል ያነባል፤ የበሬ ትርፍ እንደ ማለት ነው።

ጉበትም ዕጣው ይኸው ሆኗል። የጥንት ስሙ «ጎን» ሲሆን፣ ደረቅም በተመሳሳይ ድምፅ «ጎን» ይባላል። በካንቶን የአራዳ ቋንቋ ደግሞ ገንዘብ «ሶይ» ነው፤ ውኃ ማለት። ውኃ ገንዘብ ከሆነ ድርቀት ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምተዋል። በዚህ የተነሣ ገበታ ላይ የሚቀርበው ጉበት «ዮን» ተባለ፤ እርጥብ እንደ ማለት። የሚበላ ደምም ደም አይባልም፣ «ሁንግ» (ቀይ) ይባላል። ከገበታ ወጥተን ወደ ቤት ኪራይ ብንሄድ እንኳ ጠባዩ አይለወጥም፤ ባዶ የሚለው ቃል ከክፉ ዕድል ጋር ድምፁ ስለሚገጥም፣ የሚከራይ ባዶ ቤት በማስታወቂያው ላይ «ባለ መልካም ዕድል ቤት» ተብሎ ይጻፋል። (በአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ለሚፈልግ ሰው ይህ ስም ብዙም የተጋነነ አይመስለውም።)

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቃላትን መውደዴ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የምኖረውም በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። ቀን ባንክ፣ ማታ ዓለም ባንክ። ስለዚህ ኪሳራን ፈርቶ የምላሱን ስም የለወጠ ሕዝብ አለ ሲሉኝ ነገሩን እንደ ቀልድ ብቻ ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ወደ ራሳችን የሒሳብ መዝገብ ስመለከት እኛም ከሥጋና ከምግብ ቃላት ብዙም ርቀን አልሄድንም። ያልተበሰለው ገንዘብ «ጥሬ ገንዘብ» ነው። ብድር የሚወልደው «ወለድ» ነው። ለአስተናጋጅ የምንተወው «ጉርሻ» ነው። ሰው ሲቸገር «እጅ አጠረኝ» ይላል። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ ሳይኖር የተጻፈው ቼክማ «ደረቅ ቼክ» ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ። የካንቶኑ ሰው ጉበትን «ደረቅ» ብሎ መጥራት ለምን እንደ ፈራ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የቋንቋ ሊቃውንት ግን በእነዚህ ቃላት ላይ ሌላ እምነት ነበራቸው። አሜሪካዊው ሞሪስ ስዋዴሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በየትኛውም ቋንቋ ውስጥ በቀላሉ አይለወጡም፣ ከጎረቤትም አይወሰዱም ያላቸውን ቃላት መርጦ ዝርዝር አወጣ። መቶ ቃላት ባሉት ዝርዝሩ ውስጥ ራስ፣ ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ ጥርስ፣ እጅ፣ ሆድ፣ ልብ፣ ሥጋ፣ ደም አሉ። ምላስና ጉበትም አሉ። ሊዮኔል ቤንደር የአገራችንን ቋንቋዎች ዝምድና ለመለካት የተነሣው በዚሁ ዓይነት ዝርዝር ነበር፤ መቶ ያህል ቃላት ከየቋንቋው እየለቀመ አወዳድሮ ውጤቱን በ1971 አሳተመ። (ከዚህ በኋላም ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።) ዝርዝሩ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ካንቶን ከሁለቱ ጽኑ ቃላት ሁለቱንም ለገበያ ሲል ለወጣቸው።

የእኛም ምላስ ብትሆን በጥንት ስሟ አልቆየችም። ግዕዙ ልሳን ይላታል። ዐይን ዐይን ሆኖ፣ አፍ አፍ ሆኖ፣ እግርና ልብ፣ ሥጋና ደም ከግዕዝ ወደ አማርኛ እንደ ነበሩ ሲሻገሩ፣ እድ በጥቂቱ ተሻሽላ እጅ ስትሆን፣ ልሳን ግን ለንግግርና ለጋዜጣ ቀረችና በአፋችን ውስጥ ያለችው ሥጋ ምላስ ተባለች፤ ላሰ ከሚለው ግስ፣ የምትልሰው እንደ ማለት። እነርሱ ለትርፍ፣ እኛ ለመላስ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ሐቀኛ እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ። እዝን ጆሮ ሆነች፣ ከርሥ ሆድ ሆነች፣ ማይም ውኃ ሆነች፤ እነዚህ ለምን እንደ ተለወጡ ግን እንደ ካንቶኖቹ የሚያስቅ ምክንያት የለኝም።

ካንቶንኛን ወደ እኔ ያመጣው አንድ ደንበኛዬ ነው። መርካቶ ውስጥ የጫማ ሶልና ቀበቶ የሚያከፋፍል፣ ለዕቃ ግዢ በየዓመቱ ጓንጆ የሚመላለስ ሰው ነው። ጓንጆ ማለት የጥንቷ ካንቶን ናት፤ ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደው ታላቁ የንግድ ትርዒት ያለባት፣ የእኛም አየር መንገድ የሚበርባት፣ ሺያዎቤይ በሚባለው ሰፈሯ ከአፍሪካ ሁሉ የመጣ ነጋዴ የሚገናኝባት ከተማ። አንድ ቀን የማስመጫ ሰነዶቹን ሲያወጣ አንዲት ጠርዟ የተበላ የኪስ ደብተር አብራ ወጣች። በፊደላችን የተጻፈ የቃላት ዝርዝር ነበረባት። ታው፦ ራስ። ንጋን፦ ዐይን። ጌንግ፦ አንገት። ሳው፦ እጅ። ዪው፦ ወገብ። ጎክ፦ እግር። ቶው፦ ሆድ። ከዚያም ፋን፣ ዩክ፣ ሶይ፣ ቻ፤ ሩዝ፣ ሥጋ፣ ውኃ፣ ሻይ።

ለምን የአካል ክፍሎችን እንዳስቀደመ ስጠይቀው ግልጽ ነገር እንደ ጠየቅሁት ሁሉ ገረመው። ቀበቶ የሚገዛ ሰው ወገብን፣ ሶል የሚገዛ ሰው እግርን ሳያውቅ እንዴት ይደራደራል? በትልልቆቹ ገበያዎች ማንዳሪንና የስልክ ማስሊያ ያግባባሉ፤ ራት በሚበላባት ጠባብ ምግብ ቤት ግን ባለቤቷ የምትናገረው ካንቶንኛ ነበር። ታምሞ ሆዱን ይዞ የገባባትም ቀን አለች። ስለዚህ የደብተሯ ግማሽ ንግድ ነው፣ ግማሹ ሕይወት።

ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ግን በገጹ ግርጌ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቃል ነው፤ «ሲክ ዛይ»። «ሲክ» መብላት ነው። «ዛይ» ደግሞ ከሥጋ መታቀብ፤ በጥንቱ ዘመን መሥዋዕት ከማቅረብ በፊት ሰው ራሱን የሚያነጻበት ሥርዓት ነበር፣ በኋላ የቡድሃ አማኞች ሥጋ የሌለበትን ምግብ ጠሩበት። ብዙዎቹ በጨረቃ ወር በመባቻና በአሥራ አምስተኛው ቀን «ዛይ» ይበላሉ። ደንበኛዬ ዐቢይ ጾምን ጓንጆ ውስጥ የጾመው በዚህች አንዲት ቃል ነው። ቀድሞ «ሥጋ አልበላም» ለማለት ሲታገል የሚቀርብለት ሾርባ በሥጋ መረቅ የተሠራ ነበር፤ «ሲክ ዛይ» ካለ ወዲህ ግን ነገሩ ተቃና። የጾም ምግብ የሚል ሐሳብ እዚያ ማዶም ቤት ሠርቶ ተቀምጦ ኖሯል።

ሻይ የሚለው ቃላችንም ሥሩ ከዚያው አገር ነው። ቅጠሉ በየብስ በፋርስ በኩል ሲጓዝ «ቻይ» ተባለ፣ ዐረቡ «ሻይ» አለው፣ እኛም ከዐረቡ ተቀበልነው። በባሕር ወደ ማካው የመጡት ፖርቱጋሎች ከካንቶን ሰዎች ሰምተው እስከ ዛሬ «ሻ» ይሉታል። ከፉጂያን ወደቦች የጫኑት ሆላንዶች ግን የዚያን አገር «ቴ» ይዘው ሄዱ፤ እንግሊዙም ከነርሱ ወሰደ። በየማለዳው ብርጭቆ ይዘን የምንጠራው ቃል ከካንቶኑ «ቻ» ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። እንጀራን በተመለከተ ዝምድናው የሐሳብ ነው፤ እኛ «እንጀራ ፍለጋ» የምንለውን እነርሱ «ዋን ሲክ» ይሉታል፣ መብል ፍለጋ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ጥቂት ቃላት ለባዕድ ማስተማር በአንድ ወቅት በካንቶን ከተማ አንገት ያስቆርጥ ነበር ብልህ ታምናለህን?

በ1757 የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በካንቶን ወደብ ብቻ ወሰነው። ነጋዴዎቹ ከከተማው ቅጥር ውጭ በወንዝ ዳር በተሰጣቸው መጋዘኖች እንዲቀመጡ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ማካው እንዲመለሱ፣ የሚገበያዩትም ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቻይናውያን ነጋዴዎች ጋር ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰው የነበረው ጄምስ ፍሊንት ቻይንኛ ተምሮ ነበርና በ1759 በመርከብ ወደ ሰሜን ወጥቶ በቲያንጂን በኩል ስለ ካንቶን ሹማምንት በደል የሚያመለክት ጽሑፍ ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰ። አቤቱታው ተሰማ፤ ሹሙም ተሻረ። ነገር ግን ባዕድ እንዲህ ባለ ቋንቋ ሊጽፍ የቻለው በማን ርዳታ ነው? የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ፍሊንት ማካው ውስጥ ሦስት ዓመት ታስሮ ከአገር ተባረረ። አቤቱታውን በመጻፍ የረዳው ሊዩ ያቢየን የተባለው ቻይናዊ ግን አንገቱን ተቆረጠ። ከዚያም ባዕዳንን የሚጠብቅ ጥብቅ ደንብ ወጣ፤ ቋንቋን ለባዕድ ማስተማር የሞት ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዐይኔ የሚያርፈው በፍሊንት ላይ አይደለም። ፍሊንት አገሩ ገባ። ቋንቋውን ያዋሰው ሰው ነው ዕዳውን የከፈለው።

ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1807 ሮበርት ሞሪሰን የተባለ የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ካንቶን ደረሰ። ደንቡ አልተነሣም ነበር። መጽሐፎቹን እየደበቀ፣ ደጁን እየዘጋ ተማረ፤ ከመምህራኑ አንዱ ቢያዝ በሥቃይ ከመሞት ራሱን የሚገላግልበት መርዝ ይዞ ይዞር እንደ ነበር ይተረካል። ሞሪሰን በመጀመሪያ እንደ ቻይናዊ ለብሶ፣ ጸጉሩን ጎንጉኖ፣ ጥፍሩን አሳድጎ፣ በሁለት እንጨት ይበላ ነበር፤ ዐይን ይበልጥ እንደሚስብበት ሲረዳ ተወው። ከ1809 ጀምሮ የኩባንያው አስተርጓሚ ሆነ፤ ታላቁን የቻይንኛ መዝገበ ቃላትም ከ1815 እስከ 1823 አሳተመ። በ1828 ደግሞ ማካው ላይ የካንቶንን ሕዝብ አነጋገር ብቻ የያዘ የቃላት መጽሐፍ አወጣ፤ ከክፍሎቹ አንዱ ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በየጉዳያቸው የሰበሰበ ነው። የሥጋ ቤቱና የወጥ ቤቱ ቋንቋ፣ ሊቃውንቱ ጽሕፈት አይገባውም ያሉት፣ በዚህ መንገድ በመጽሐፍ ተቀመጠ። የደንበኛዬ ደብተር የዚያ መጽሐፍ የልጅ ልጅ ናት፤ እርሱ ግን ስለ ሞሪሰን ሰምቶ አያውቅም።

በወንዙ ዳር ግን ትምህርቱ በሌላው አቅጣጫም ይሄድ ነበር። የካንቶን ባለ ሱቆች፣ አሽከሮችና ወዛደሮች የባዕዳኑን ቋንቋ የሚማሩበት በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ ቀጭን መጽሐፍ ነበራቸው። «የቀይ ጸጉራሞች ንግግር» እንደ ማለት ያለ ርእስ ነበረው። በውስጡ ቁጥሮች፣ የሰዎች መጠሪያዎች፣ የዘወትር ንግግርና የምግብ ስሞች ተደርድረው፣ የእንግሊዝኛው ድምፅ በቻይና ፊደል ተጽፎላቸዋል፤ ልክ ደንበኛዬ «ሳው» ብሎ በፊደላችን እንደ ጻፈው። በቃላቱ እንግሊዝኛ፣ በአሰካኩ ካንቶንኛ የሆነው የወደቡ ቅይጥ ቋንቋ የተስፋፋው በእንዲህ ያለው ቀጭን መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ካንቶን የኖረው አሜሪካዊው ነጋዴ ዊልያም ሀንተር በ1882 ባሳተመው ትዝታው፣ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ቻይናዊ ስሙ ሊዘከር የሚገባው ብልህ መሆኑን፣ ማንነቱን ግን እንዳላወቀ ጽፏል። የሚሊዮን ብሮች ንግድ የተከናወነበት ቋንቋ ነው፤ መምህሩ ግን ስም የለውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሳስተያየው የእኛው አባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ጎርጎርዮስ በአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ ከተባረሩ በኋላ ከአገር ወጥተው ሮም ደረሱ። በ1649 በዚያ በኢትዮጵያውያን ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ያጠናው ከመጻሕፍት ብቻ ስለ ነበር አንብብ ባሉት ጊዜ መነኮሳቱ ሳቃቸውን መቈጣጠር አልቻሉም፤ የጽሑፉን ትርጉም መፍታት ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጠራቸው፤ በ1652 የበጋ ወራት በፍሪደንስታይን ግንብ ተቀመጡ። ግዕዝን ሉዶልፍ ከመጽሐፍ ያውቅ ነበር፤ አማርኛ ግን ያን ጊዜ በአውሮፓ የታተመ መጽሐፍ ያልነበረው የአፍ ቋንቋ ነው። እጅን እጅ፣ ውኃን ውኃ ብሎ የሚነግረው ሕያው አንደበት ያስፈልገው ነበር።

ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው በ1658 በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት የታተሙት በ1698 ነው፤ መምህሩ ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ። ሉዶልፍ ግን የተማረው ከማን እንደሆነ አልደበቀም፤ የጎርጎርዮስን ስም በሥራዎቹ ውስጥ ደጋግሞ ጠርቷል፣ መልካቸውም ተቀርጾ ደርሶናል። ለካንቶኑ ባለ ቀጭን መጽሐፍ ያልተከፈለው ዕዳ ለእኛው መነኩሴ ተከፍሏል ማለት ነው። ሊዩ ያቢየንን ግን የምናውቀው ባስተማረው ሳይሆን በተቈረጠው አንገቱ ነው።

ዛሬ በጓንጆ ቋንቋ ማስተማር የሚያስገድል አይደለም፤ ነገሩ ተገልብጦ ካንቶንኛ ራሱ ቦታ እየጠበበው ሄዷል። በ2010 ከተማዋ የእስያ ጨዋታዎችን ልታስተናግድ ስትዘጋጅ፣ የጓንጆ ቴሌቪዥን ከካንቶንኛ ይልቅ በማንዳሪን ያሰራጭ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በሐምሌ ወር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። ዛሬም 80 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነውና ይጠፋል ብዬ አላሟርትም፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ማንዳሪን ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣውም ሠራተኛ ብዙ ነው። ምላስን ትርፍ ብሎ የሚጠራው ሕዝብ ልጆቹ በማንዳሪን «ሼቶ» እያሉ ያድጋሉ።

ደንበኛዬን ቃላቱን ማን እንዳስተማረው ጠይቄው ነበር። ያቺው የምግብ ቤቷ ባለቤት ናት። የበሰለውን ዓሣ እያሳየች፣ ከዚያም የራሷን ክንድና ጆሮ እየነካች፣ እርሱ እስኪደግም ድረስ ትጠብቀው ነበር፤ ሲሳሳት ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያደረገች ታርመዋለች። ስሟንም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፎታል፤ «መምህርቴ፦ አ ጄ»። ሁሉም ደንበኛ በዚህ ሲጠራት ሰምቷል። ነገሩን ከመጻሕፍት ለማጣራት ጥቂት ምሽት ፈጀብኝ፤ «አ ጄ» በካንቶንኛ እትዬ ማለት ነው።